ቅጠሉን ለእኛ፣ ሥሩን ለተራራው



ገና ሳልጀምር በየረድፉ ሁለት ሁለት እስር ጦስኝ አሳልፌላችኋለሁ። አንዱ በነጭ ክር፣ ሌላው በቀይ ክር የታሰረ ነው። ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ቅጠል ቀንጥባችሁ በጣታችሁ መሃል ፈተግ ፈተግ አድርጉና አሽትቱት። መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀዩን። በመሃሉ ትንሽ ቆም በሉ፤ አፍንጫ ቶሎ ይደክማል።

ፊታችሁን እያየሁ ነው፤ ልዩነቱ የገባችሁ አላችሁ። ነጭ ክር ያለው አፍንጫን ሰርስሮ የሚገባ፣ ነጭ አዝሙድን የሚያስታውስ ነው። ቀይ ክር ያለው ለስለስ ብሎ ይጀምርና ኋላ ላይ ሞቅ ይላል፤ ብታኝኩት ምላስ ያቃጥላል። ሁለቱም ጦስኝ ናቸው። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው።

ሌላም ልዩነት አላቸው። ነጩን ዛሬ ጠዋት ከጓሮዬ በመቀስ ቆርጬ ነው ያመጣሁት። ቀዩን ግን እስቲ ገልብጣችሁ እዩት። ሥር አለው። አፈሩ እንኳ ተራግፎ አላለቀም። የአንዳንዱ ሥር የእርሳስ ውፍረት አለው፤ እንጨት ሆኗል። ጦስኝ በውርጭና በድንጋይ መሃል በጣም በዝግታ የሚያድግ ተክል ስለሆነ እዚህ ውፍረት የደረሰው በአንድ ክረምት አይደለም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የሚያያዘው ከዚያ ሥር ጋር ነው።

ቀዩን እስር የገዛሁት ባለፈው ቅዳሜ ጣርማበር ላይ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ከመቆልቆሉ በፊት ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጉሙ መኪና መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። አንዲት ጋቢ የደረቡ እናት እስሮቹን ድንጋይ ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ለምን ከነሥሩ ነቀሉት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማጭዱ ድንጋዩ መሃል አይገባም። ደግሞስ እኔ ብተወው ከኋላዬ የሚመጣው አይነቅለውም?» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ልጅ ሳለን ከደጃችን ነበር የምንቀነጥበው። አሁን ግማሽ ቀን ዳገት ወጥተን ነው» አሉ።

እኒህን እናት የምወቅስበት አፍ የለኝም። እስሩን ገዝቼ ወደ ቤት የወሰድኩት እኔው ነኝ። ከተማው ጦስኝ ጠጪ ሆኗል፤ ካፌው ሁሉ የጦስኝ ሻይ ያፈላል፤ ባልትና ቤቱ ሁሉ ደረቁን በከረጢት ይሸጣል። በርበሬና ሽሮ ውስጥ ሲገባበት የኖረውን ጨምሩበት። ይህ ሁሉ ፍላጎት የሚያርፈው ማንም ባልተከለው፣ ከተራራ ላይ በሚነቀል ቁጥቋጦ ላይ ነው። በርበሬን እንዘራለን፤ ነጭ ሽንኩርትን እንተክላለን፤ ጤና አዳምና በሶብላ የሌለበት ጓሮ የለም ማለት ይቻላል። ጦስኝን ግን እስካሁን እንደ ማገዶ ነው የምንይዘው፤ ሄደን እናመጣለን እንጂ አናበቅልም። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት እናብቅለው ለማለት ነው። ለማብቀል ደግሞ መጀመሪያ የትኛውን ብለን መምረጥ አለብን።

የጦስኝ ወገን በዓለም ላይ ከሁለት መቶ በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻና የአካባቢው አገሮች ልጆች ናቸው። የእኛዎቹ ሁለቱ ከእነዚያ ተነጥለው ደጋችን ላይ የቀሩ ናቸው፤ ከዚህ ከእኛ ቀጠና ተራሮች ውጪ በተፈጥሮ አይበቅሉም። አንደኛው ሳይንሱ ቲመስ ሺምፐሪ የሚለው ነው። ከሰሜን እስከ ሸዋ፣ ስምጥ ሸለቆን ተሻግሮም እስከ ባሌ ተራሮች ድረስ ይገኛል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ አግብቶና ወልዶ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋታችንን ሲሰበስብ ከኖረው ጀርመናዊ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሁለተኛው ቲመስ ሰሩላተስ ይባላል። የሰሜን ነው፤ በትግራይ፣ በጎንደርና በወሎ ከፍታዎች ይበቅላል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ጠርዙን ብታዩት ደቃቅ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ነገር አለው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። በአማርኛ ሁለቱንም ጦስኝ እንላለን፤ ትግርኛ ተናጋሪው ጠስነ ይላል። ሁለቱም ከ2,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ በድንጋያማ ቦታ፣ በገደል አፍና በመንገድ ዳር ቁፋሮ ላይ መሬት ለመሬት ይነጠፋሉ።

እንግዲህ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝርያውን ካወቅን የመረጥን ይመስለናል። ጦስኝን መምረጥ ግን በዝርያ ስም አያልቅም፤ የአንድ ዝርያ ልጆች ሆነው፣ በመልክም አንድ ሆነው ሽታቸው ግን የሚለያይ አሉና። ምክንያቱ በቅጠሉ ላይ ነው። በአጉሊ መነጽር ብታዩት የጦስኝ ቅጠል በደቃቅ የዘይት ከረጢቶች የተሞላ ነው፤ ስንፈትገው የሚፈነዱት እነሱ ናቸው። ከዘይቱ ውስጥ ዋናዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ቲሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። የተሠሩበት ነገር እኩል ነው፤ አቀማመጣቸው ብቻ ነው የሚለየው። ቲሞልን እ.ኤ.አ. በ1719 ካስፓር ኖይማን የተባለ የበርሊን መድኃኒት ቀማሚ ለብቻው አወጣው፤ ነጭ ፍንጣሪ ሆኖ የሚረጋ ነገር ነው። ነጭ አዝሙድ ውስጥ ያለውም ይኸው ቲሞል ስለሆነ ነው ቅድም አፍንጫችሁ ያስታወሰው። ካርቫክሮል ግን ፈሳሽ ነው፤ ምላስ ላይ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ከአገራችን የተለያዩ ተራሮች የተሰበሰበ የጦስኝ ዘይት ሲመረመር የአንዱ ቦታ በቲሞል፣ የሌላው በካርቫክሮል የበዛ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ነገር ላይ ዓለም ካጠናቸው ቦታዎች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሞንፔልዬ ከተማ በስተሰሜን ያለ አንድ ሸለቆ ነው። እዚያ ዱር ላይ የሚበቅለው አንድ ዝርያ ነው፤ ግን ስድስት የሽታ ዓይነት አለው። ሳይንቲስቶቹ ኬሞታይፕ ይሉታል። ክረምት ላይ ቀዝቃዛ አየር ተኝቶ በሚያድርበት በሸለቆው ወለል ቲሞልም ካርቫክሮልም የሌላቸው፣ ለስላሳ ሽታ ያላቸው ይበቅላሉ፤ ብርዱን ይችሉታል። ከዚያ ወጣ ብሎ ባለው ሞቃትና ደረቅ ኮረብታ ላይ ደግሞ የቲሞልና የካርቫክሮሎቹ አሉ፤ ድርቁን ይችሉታል፣ ውርጭ ግን ይገድላቸዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካርታ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 ተመራማሪዎች ያንኑ ሸለቆ ደግመው ሲያዩት፣ የክረምቱ ከባድ ውርጭ እየቀነሰ በመምጣቱ ሰርሳሪ ሽታ ያላቸው ወደ ሸለቆው ወለል እየወረዱ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ የአየር ንብረት ለውጥ በጦስኝ ሽታ ተነበበ ማለት ነው።

ስለዚህ ጦስኝ ሽታውን ከወላጁ ይወርሳል፤ ወላጁን ደግሞ የመረጠው የበቀለበት ቦታ ነው። ለእኛ ለተካዮች የዚህ ትርጉሙ ቀላል ነው። ተራራ ስትሄዱ፣ ወይም ጓሮው ጦስኝ ያለው ሰው ስታገኙ፣ ከሩቅ አትምረጡ። ጎንበስ በሉና አሥር ነጠላ ተክል እየዞራችሁ አሽትቱ። ለሻይ ከሆነ ለስለስ ያለውን ያዙ፤ ሰርሳሪው ፈልቶ ሲጠጣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ለበርበሬና ለሽሮ ግን ሰርሳሪው ይሻላል፤ ከቅመሙ መሃል ድምፁ የሚሰማ እሱ ነው። የወደዳችሁትን አንዱን ተክል ምልክት አድርጉና ከእሱ ብቻ ጥቂት ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ።

ቅርንጫፍ የምለው በምክንያት ነው። የጦስኝ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ይገኛል። መዝራት ይቻላል፤ አፈር ሳይጫንበት ላይ ላዩን ተበትኖ፣ በወንፊት ውኃ እየተረጨ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበቅላል። ነገር ግን ከዘር የበቀለው ሁልጊዜ እናቱን አይመስልም። የመረጣችሁት ሽታ በዘር ይበተናል፤ ከቁራጭ የጸደቀ ግን ራሱ ያው ተክል ነው። አሥር ቁራጭ ካጸደቃችሁ አሥር ጊዜ ያንኑ ሽታ አገኛችሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ የምሠራው በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ሲልና አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። አበባ ካልያዘ ለጋ ጫፍ የመሃል ጣት ርዝማኔ ያለውን እቆርጣለሁ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን አራግፌ፣ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በሞላሁት ሸክላ ውስጥ እሰካለሁ። ሸክላውን ጥላ ውስጥ አስቀምጬ አፈሩ እንዳይደርቅ፣ እንዳይጨቀይም እጠብቀዋለሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ አድርጌ ስስበው እምቢ ካለኝ ሥር ሰድዷል። ከዚህ የሚቀለው መንገድ ደግሞ ተራራው ራሱ የሚሠራው ነው፤ የተነጠፈውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ መሃሉን አፈር ማልበስና ድንጋይ መጫን። ሥር ሲሰድ ከእናቱ ቆርጦ መለየት ነው።

አሁን ስለ አፈር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በከተማችን ጓሮ የሚሞተው ጦስኝ አብዛኛው የሚሞተው በአፈር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ችግኞቼን የተከልኳቸው ጎመን በሚያምርበት መደብ ላይ ነበር። በደንብ የበሰበሰ ፍግ አለበስኳቸው፤ ማለዳ ማለዳ ውኃ አጠጣኋቸው። በሁለት ወር ውስጥ ከዱር አይቼው የማላውቀውን ያህል ተንዠረገጉ፤ ቅጠላቸው ሰፋ፣ አረንጓዴው ደመቀ። ቀንጥቤ ባሸት ሽታ የላቸውም። ሐምሌ ሲገባ ከሥር ጠቆሩ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ስድስቱም ሞቱ። ጓሮዬ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ ቋጥሮ ያስቀራል። የጦስኝ ሥር ደግሞ ቆሞ የሚያድር ውኃ አይችልም።

ያን ጊዜ ነው ቀደም ብሎ ጣርማበር ላይ ያየሁት ትዝ ያለኝ። ጦስኙ የበቀለው በሜዳው ሣር መሃል አልነበረም፤ መንገድ ሠራተኞች ቆርጠው በተዉት ገደል ላይ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ዝናቡ ከእኛ ከተማ ያላነሰ ነው፤ ግን ውኃው ወዲያው ይወርዳል። ችጋር ያለበትን ቦታ የመረጠውም ጦስኙ ራሱ ነው። ምግብ የበዛለት ጦስኝ ቅጠል ያበዛል እንጂ ዘይት አያበዛም።

በሚቀጥለው ዓመት መደቡን ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጌ በድንጋይ ካብኩት። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አንድ እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ሠራተኛው «ሬድ አሽ» የሚለውን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞላሁበት። ፍግ ከእፍኝ አላለፈም። ችግኞቹን በሁለት ስንዝር ርቀት ተከልኩ፤ ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኛቸው ቦታ ላይ። ሥር እስኪይዙ አጠጣኋቸው፤ ከዚያ በኋላ በበጋ እንኳ አፈሩ ጣቴን ከትቼ ደረቅ ካልሆነ አላጠጣም። ቅድም ያሸተታችሁት ነጭ ክር ያለው እስር የዚያ መደብ ፍሬ ነው፤ አሁን አራተኛ ዓመቱ ነው።

ግቢ ለሌላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፤ ጦስኝ ለሰገነት ከብዙ አትክልት ይልቅ ይስማማል። ታቹ የተበሳ ሸክላ ይሁን፤ ሸክላው ላብ ስለሚያወጣ ከፕላስቲክ ይሻላል። ከሥሩ የምታስቀምጡት ሳህን ውኃ ይዞ እንዳያድር ብቻ ጠብቁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ለጦስኝ ይበቃል። ቆላ ላሉ ዘመዶቻችሁ ግን የደጋውን ዝርያ አትላኩላቸው፤ ሙቀቱ ያሠቃየዋል። ለእነሱ የአውሮፓውን የጓሮ ጦስኝ፣ ቲመስ ቩልጋሪስን መሞከር ይቀላል። በሙቀትና በድርቅ ያደገ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቅጠሉ ጠባብና ግራጫ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ገበያ ላይ የሚያገኙትም እሱኑ ነው። ሻይ አድርገው ሲቀምሱት «የአገር ቤቱን አይመስልም» የሚሉት ልክ ናቸው፤ ዝርያው ሌላ ነውና። የሎሚ ሽታ ያለውም አለ፤ ለሻይ እጅግ ደስ ይላል፤ እሱን ግን በዘር አትፈልጉት፣ በቁራጭ ብቻ ነው የሚባዛው። በድንጋይ ንጣፍ መሃል የሚነጠፈው ዓይነት ለዓይን ነው፤ ለድስት አልመክረውም።

አቆራረጡን ልናገርና ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ጦስኝን ከማበቡ በፊት፣ ጠል ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቁረጡት። ከተክሉ ሲሶውን ብቻ ውሰዱ። ቅጠል የሌለበትን እንጨት የሆነውን ክፍል አትንኩ፤ ከዚያ ላይ እንደገና አያቆጠቁጥም። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አንጥልጥሎ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጦስኝ ዘይቱ በኖ ገለባ ይሆናል። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ መሃሉ ገላጣ ሲሆን አዲስ ቁራጭ አጽድቃችሁ ተኩት። ስለ መድኃኒትነቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ለሳልና ለጉንፋን እናቶቻችን ያፈሉልን ሻይ ነው፣ ይጠጣ። ተነጥሮ የወጣው ዘይት ግን ብርቱ ስለሆነ አይጠጣም፤ የደም ግፊትም ሆነ ሌላ ሕመም ያለበት ሰው የሐኪሙን መድኃኒት በጦስኝ አይተካ።

ወደ ሥሩ እንመለስ። ዱሩን ለመጠበቅ መከልከል ብቻውን አይበቃም። በእስራኤል የጦስኝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ዛዕታርን ከዱር መልቀም እ.ኤ.አ. በ1977 በሕግ ተከልክሏል፤ ሕጉ ከዱር ለቅሞ የሚኖረውን ሰው አስቀይሟል። ዛሬ የብዙውን ሰው ገበታ የሚሞላው ግን በእርሻ የሚመረተው ዛዕታር ነው። እኛም የራሳችን ልምድ አለን። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ያ ሥርዓት ደንቡን የጣሰ ሰው የሚቀጣበት ነበር። ጦስኝ እዚያው ጓሳ ላይ ከሣሩ ጎን ይበቅላል። ለሣር የሆነ ሥርዓት ለጦስኝ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጣርማበር ላይ ያሉት እናት ችግኝ ቢያገኙ ከደጃቸው እንደገና ይቀነጥባሉ። ዳግመኛ ወደዚያ ስወጣ ስድስት የጸደቁ ቁራጮች ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ቀደም ሲል ከእሳቸው ተራራ ከመጣ ተክል የተባዙ ናቸው። በሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ ለእናንተ ሠላሳ ችግኝ አስቀምጫለሁ፤ ለአንድ ቤት አንድ ይደርሳል። ችግኝ የማትወስዱም ብትሆኑ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከነገ ጀምሮ ገበያ ስትወጡ እስሩን ገልብጣችሁ እዩት። ሥር ካለው አትግዙት። ሥር የሌለው ካገኛችሁ ሁለት ብር ጨምራችሁ ግዙ፤ ለምን እንደጨመራችሁም ለሻጯ ንገሯት።